አደን፣ ምስልና አደራ፦ ከሩበንስ አንበሶች እስከ ሐረር የጅብ ቀዳዳዎች

ሰው በእንስሳት ላይ ሥልጣን አለው ሲባል፣ ያ ሥልጣን የሚገለጠው በየትኛው ሥራ ነው? በመግደል ነው፣ በመመገብ ነው፣ ወይስ በመተው? ጥያቄው በሃይማኖት መጻሕፍት ዘንድ ጥንታዊ ቦታ ያለው ሲሆን፣ ሰዎች መልሱን በስብከትና በትርጓሜ ሳይወሰኑ በሥዕል፣ በግንብና በልማድም ሲሰጡ ኖረዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መሳፍንት መልሳቸውን በግዙፍ የአደን ሥዕሎች አሥለው በአዳራሾቻቸው ሰቀሉ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ሊቶግራፊ ወይም የድንጋይ ኅትመት የሚባለው ጥበብ የእነዚህን ሥዕሎች ቅጂ እያባዛ አደን ወጥቶ ለማያውቀው የከተማ ነዋሪ አደረሰ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የምትገኘው ሐረር በበኩሏ ለዚሁ ጥያቄ የሰጠችውን መልስ በግንቧ ላይ አኑራለች፤ የጀጎል ግንብ ግርጌ ጅብ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመርና፣ በአደራ የተሰጠ ሥልጣን የሚለካው ለእንስሳው መውጫ በመተው ነው የሚለውን ሐሳብ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሳፍንት አደን በሸራ ላይ

ባሮክ የሚባለው የሥነ ጥበብ ስልት ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ እስከ 18ኛው አጋማሽ ድረስ በአውሮፓ የገነነ ሲሆን፣ ከእርጋታ ይልቅ እንቅስቃሴን፣ ከተስተካከለ ሚዛን ይልቅ የብርሃንና የጥላን ፍልሚያ፣ ከተገታ ስሜት ይልቅ ግለትን የሚመርጥ ነው። የአደን ሥዕልን ወደ ከፍተኛ ደረጃ ያደረሰው የአንትወርፑ ሠዓሊ ፒተር ፓውል ሩበንስ (1577–1640) ነው። ከ1615 እስከ 1616 ባለው ጊዜ ገደማ ሩበንስ ለባቫሪያው ገዥ ለማክሲሚሊያን አራት የአደን ሥዕሎችን ሠራ፤ ሥዕሎቹም በሙኒክ አቅራቢያ ለሚገኘው ለሽላይስሃይም ቤተ መንግሥት የታሰቡ ነበሩ። ከአራቱ አንዱ የሆነው የጉማሬና የአዞ አደን ዛሬ በሙኒክ የሚገኝ ሲሆን፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ደግሞ ከሦስት ሜትር በላይ ነው። በሥዕሉ መካከል ጉማሬው አፉን በሰፊው ከፍቶ፣ አዞውን ከእግሩ በታች አድርጎ ቆሟል፤ በዙሪያው ፈረሰኞች ጦራቸውን ቁልቁል ይሰብቃሉ፣ ውሾች ይናከሳሉ፣ ከአዳኞቹም የወደቁ በመሬት ላይ ተዘርረዋል።

በ1621 የተጠናቀቀውና አሁንም በሙኒክ ያለው የአንበሳ አደን ደግሞ ይህን ስልት ከጫፍ ያደርሰዋል። አንበሳው ጥምጥም ባሰረ ጋላቢ ላይ ጥፍሩንና ጥርሱን ተክሎ ከፈረሱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ጥሩር የለበሱ ፈረሰኞች ሰይፋቸውን አንሥተዋል፤ የፈረሶቹ ዐይን ከፍርሃት የተነሣ ፈጥጧል፤ የሰውና የአውሬ አካል እርስ በርሱ ከመጠላለፉ የተነሣ ማን አሸናፊ ማን ተሸናፊ እንደሆነ በአንድ እይታ መለየት ያስቸግራል። ሆኖም የሥዕሉ አሰላለፍ ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል፤ የጦሮቹ መስመር ሁሉ ወደ አንበሳው ይወርዳል፣ ለአውሬውም ከሸራው ጠርዝ የሚያመልጥበት ክፍተት አልተተወለትም። ይህ የመውጫ እጦት ለዚህ ጽሑፍ ሐሳብ መሠረት ስለሆነ በሚገባ ሊያዝ ይገባል።

እነዚህን ሥዕሎች የደም ጥማት መግለጫ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ይሆናል። ሩበንስ በአንትወርፕ ካቴድራል የክርስቶስን ከመስቀል መውረድ የሣለ ሃይማኖተኛ ሠዓሊ ነበር፤ በዘመኑ የነበሩ አሳቢዎችም የአደንን ትግል አእምሮ ከፍትወት፣ ሥርዓት ከሁከት ጋር የሚያደርገው ፍልሚያ ምሳሌ አድርገው ያነብቡት ነበር። በዚህ ንባብ መሠረት አንበሳውን የሚወጋው ልዑል በውስጡ ያለውን አውሬ ያሸነፈ፣ ስለዚህም ሌላውን ሊገዛ የተገባው ሰው ነው። ትልልቅ የዱር እንስሳትን ማደን በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለመኳንንት ብቻ የተጠበቀ መብት የነበረ በመሆኑ፣ ሥዕሉ ስለ እንስሳት የሚናገረውን ያህል ስለ ሰዎች ማዕረግም ይናገራል። በፈረንሳይ ይህ መብት የተሻረው በ1789ኙ አብዮት ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንስሳውን መግደል የተፈቀደለት ሰው ሌላውን የመግዛት ማስረጃውን አብሮ ይዞ ይኖር ነበር።

ከሸራ ወደ ድንጋይ

የሩበንስ የአደን ሥዕሎች ከቤተ መንግሥት ግድግዳ ወጥተው መዘዋወር የጀመሩት ከድንጋይ ኅትመት በፊት ነው። በእርሱ ዘንድ ይሠራ የነበረው ፒተር ሳውትማን አደኖቹን በመዳብ ላይ በመቅረጽ አትሟቸዋል። ለሽላይስሃይም ከተሠሩት አራቱ መካከል የነበረው ሌላው የአንበሳ አደን በናፖሊዮን ዘመን ወደ ፈረንሳይ ተወስዶ በቦርዶ ከተማ ሳለ በ1870 በእሳት ስለጠፋ፣ ዛሬ መልኩ የሚታወቀው በእንዲህ ያሉ ቅጂዎች ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኡጄን ደላክሯም በሳውትማን ኅትመቶች አማካይነት የሩበንስን አደኖች አጥንቷል፤ በ1829 ገደማ የነብርና የአንበሳ ምስሎችን በድንጋይ ላይ ራሱ ሥሎ ያሳተመ ሲሆን፣ በ1855 ያጠናቀቀው ታላቅ የአንበሳ አደን ሥዕሉ በዚያው የቦርዶ እሳት የላይኛው ክፍሉ ተቃጥሎበታል። ስለዚህም፣ ቅጂ ከዋናው ያነሰ ነገር ነው የሚለው የተለመደ ፍርድ እዚህ ላይ ፈተና ይገጥመዋል፤ ዋናው አመድ ሲሆን ትዝታውን የጠበቀው ወረቀት ነውና።

የድንጋይ ኅትመትን በ1796 ገደማ የፈለሰፈው በሙኒክ ይኖር የነበረው ጸሐፌ ተውኔት አሎይስ ዜኔፌልደር ሲሆን፣ ተውኔቶቹን በርካሽ የሚያሳትምበትን ዘዴ ሲፈልግ የደረሰበት ጥበብ ነው። መሠረቱ ቅባትና ውኃ የማይዋሐዱ መሆናቸው ነው። በባቫሪያ ከሚገኘው ከዞልንሆፈን የሚቆፈር ደቃቅ የኖራ ድንጋይ ፊቱ እስኪለሰልስ ይፈተጋል፤ ሠዓሊው በቅባታማ ጠመኔ በድንጋዩ ላይ በግልባጩ ይሥላል፤ ከዚያም ጥቂት አሲድ የተጨመረበት የግራር ሙጫ ይቀባል፤ ሙጫው ያልተሣለበትን የድንጋይ ክፍል ውኃ እንዲይዝና ቅባት እንዳይቀበል ያደርገዋል። ድንጋዩ በስፖንጅ ከረጠበ በኋላ ቀለም ሲንከባለልበት ቀለሙ የሚይዘው በሥዕሉ መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ወረቀት ተደርጎ በመጭመቂያ ሲጫን ምስሉ ከነጠመኔው ሻካራነት ይወጣል። ለሥራው የግድ የሚያስፈልገው የግራር ሙጫ በብዛት የሚገኘው ከሱዳንና ከአካባቢዋ ደረቅ አገሮች ስለነበር፣ የአውሮፓ አንበሶች በወረቀት ላይ የተባዙት ከአፍሪካ ዛፍ በተለቀመ ሙጫ ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

በሙኒክ እንደ ዮሐን ስትሪክስነርና ፌርዲናንድ ፒሎቲ ያሉ ባለሙያዎች ከ1817 ጀምሮ የሙኒክንና የሽላይስሃይምን የንጉሥ ሥዕሎች በድንጋይ ኅትመት እያባዙ አወጡ፤ በሌሎች የአውሮፓ ከተሞችም የአደንና የእንስሳት ሥዕሎች በዚሁ መንገድ ተሰራጩ። በኅትመቱ ሥዕሉ ሦስት ነገሮችን ያጣል። መጠኑን ያጣል፤ ከተመልካቹ ቁመት የሚበልጠው አንበሳ በእጅ የሚያዝ ይሆናል። ቀለሙን ያጣል፤ ደሙ ከጥላው አይለይም። ከሁሉም በላይ ግን ቦታውን ያጣል፤ ያሠራው ልዑል ማን እንደሆነ፣ ሥዕሉ ለየትኛው አዳራሽ እንደታሰበ የሚያስታውስ የለም።

ይህ ሦስተኛው እጦት ለሃይማኖታዊው ጥያቄ ትልቅ ክብደት አለው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ለምስል የሚሰጥ ክብር ምስሉ ወደሚወክለው አካል ያልፋል ሲል ያስተማረ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ሥዕለ አድኅኖን የምታከብረው በዚህ ሐሳብ ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት በወርቅ ላይ የተሣለች የእመቤታችን ሥዕልና በርካሽ ወረቀት የታተመች ቅጂዋ በክብር አይበላለጡም፤ ክብሩ በሁለቱም በኩል አልፎ የሚደርሰው ወደ አንዲት አካል ነውና። የአደን ሥዕል በዚሁ መንገድ ሲመረመር ክብሩ ወደ ማን ያልፋል? በልዑሉ አዳራሽ ውስጥ ወደ ልዑሉ ያልፍ ነበር። ቅጂው በነጋዴው ቤት ሲሰቀል ግን ልዑሉ ተረስቷል፤ ስለዚህ ክብሩ በስም ወዳልተለየ አካል፣ ማለትም በአጠቃላይ ወደ ሰው ልጅ ያልፋል። አንድ ጊዜ የጥቂቶች መብት የነበረው አውሬን የመግደል ክብር የሰው ሁሉ የተፈጥሮ ማዕረግ ሆኖ ይታያል፤ የድንጋይ ኅትመት ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን የሥልጣኑን ሐሳብም አብሮ አባዛው።

የታተመው አውሬ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ

ኢትዮጵያ ከአውሮፓ የታተመ ምስል ጋር የተዋወቀችው ከዚህ ዘመን እጅግ ቀደም ብሎ ነው። በሮም በ1591 ለታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎቹን የነደፈው አንቶኒዮ ቴምፔስታ (1555–1630) ሲሆን፣ የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች በብራና ወንጌሎች ላይ ለሣሏቸው ምስሎች ይህን መጽሐፍ እንደ አርአያ ተጠቅመውበታል። ቴምፔስታ በአውሮፓ ዘንድ በእጅጉ ይታወቅ የነበረው ግን በታተሙ የአደን ሥዕሎቹ ነው። ከአንድ እጅ ከወጡት ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች በጎንደር ብራናዎች ላይ ሥር የሰደደው ወንጌሉ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግንኙነቱ አቅጣጫውን ቀይሮ የኢትዮጵያ እንስሳት ራሳቸው ወደ አውሮፓ ድንጋይ መሄድ ጀመሩ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ኢትዮጵያ ተጉዞ የሰበሰባቸውን እንስሳት ከ1835 እስከ 1840 ባወጣው ሥራ ባለ ቀለም የድንጋይ ኅትመት ሥዕሎች ጨምሮ አሳውቋል፤ ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በአውሮፓ ሳይንስ ዘንድ የታወቁት በእርሱ ነው። የብሪታንያ መልእክተኛ ሆኖ በ1841 ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከአንድ ዓመት በፊት የደቡብ አፍሪካን የዱር እንስሳት በባለ ቀለም የድንጋይ ኅትመት ያወጣ አዳኝ ሠዓሊ ነበር፤ በመልእክቱ አብሮት የነበረው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስም የኢትዮጵያን ትዕይንቶች በዚሁ ጥበብ አሳትሟል። ለእነዚህ ሰዎች መግደልና መሣል የአንድ ሥራ ሁለት ክፍሎች ነበሩ፤ እንስሳው ይተኮሳል፣ ይለካል፣ ይሣላል፣ በመጨረሻም በድንጋዩ ላይ ያርፋል። እርግጥ ነው፣ የእነርሱ ምስል ከሩበንስ የሚለይበት ነገር አለ፤ እንስሳው ብቻውን፣ በእርጋታ፣ በመልክዓ ምድሩ ውስጥ ቆሞ ይታያል። ይሁን እንጂ ያ እርጋታ የተገኘው አደኑ ከሥዕሉ ክፈፍ ውጭ ስለተፈጸመ ነው።

ሐረርም ለዚህ ዐይን የተጋለጠችው በዚሁ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ወደ ከተማዋ ገብቶ ዐሥር ቀን ከቆየ በኋላ በ1856 ያሳተመው መጽሐፍ የከተማዋን ገጽታ በባለ ቀለም የድንጋይ ኅትመት ለአውሮፓ አንባቢ አቀረበ። በ1883 ደግሞ በከተማዋ በንግድ ይኖር የነበረው ገጣሚው አርቱር ራምቦ የራሱን ፎቶግራፎች በዚያው አንሥቶ ለቤተሰቡ ላከ፤ ምስል የማባዛት ሥራም ከድንጋይ ወደ ብርሃን መሸጋገሩ በሐረር ምድርም ታየ።

ሁለቱ ሃይማኖቶች ስለ እንስሳት ያላቸው ቃል

በአውሮፓ የአደን ሥዕል ጀርባ ያለው ሃይማኖታዊ ምክንያት ከኦሪት ዘፍጥረት የሚጠቀሰው ሥልጣን ነው፤ ሰው የባሕር ዓሣዎችን፣ የሰማይ ወፎችንና የምድር አራዊትን እንዲገዛ ተሹሟል። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ለሰው ምግብ ሆኖ የተሰጠው ዘር የሚሰጥ ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነው፤ ሥጋ የመብላት ፈቃድ የመጣው ከጥፋት ውኃ በኋላ፣ ለኖኅ ነው። የሹመቱና የመብላቱ ጊዜ በዚህ ያህል ከተራራቀ፣ መጀመሪያ የተሰጠው ሥልጣን ያለ መግደል የሚፈጸም ሥልጣን ነበር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቀኖና መጻሕፍቷ የምትቆጥረው መጽሐፈ ኩፋሌ ይህን ሐሳብ ይበልጥ ያጎላዋል፤ አዳም ከገነት እስከወጣበት ቀን ድረስ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ይናገሩ እንደነበርና አፋቸው የተዘጋው በዚያ ቀን እንደሆነ ይተርካል። በዚህ ትረካ መሠረት የእንስሳት ዝምታ የሰው ውድቀት ያስከተለው ጉዳት ነው፤ በጦር የሚወጋው አንበሳ ቀድሞ ከሰው ጋር ይነጋገር የነበረ ፍጥረት ነው።

የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ይህን እምነት በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ውስጥ አኑረውታል። ጻድቁ ሰውነታቸው በጠጉር ተሸፍኖ፣ እጃቸውን ለጸሎት ዘርግተው ይቆማሉ፤ በግራና በቀኛቸው አንበሶችና ነብሮች ተሰልፈዋል፤ በውኃ ጥም የደከመች ወፍ ከዐይናቸው እንባ ትጠጣለች። ትውፊቱ የአንበሶቹን ቁጥር ስድሳ፣ የነብሮቹንም ስድሳ ያደርገዋል። ይህን ሥዕል ከሩበንስ የአንበሳ አደን ጋር ላነጻጸረ ሰው ልዩነቱ በአሰላለፉ ይታያል፤ በሩበንስ መስመር ሁሉ ወደ አውሬው ሲወርድ፣ በዚህ ግን አውሬዎቹ በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ሰው ቀርበዋል፤ ሰውየውም የሚይዛቸው ሰንሰለት፣ የሚያስፈራራበት ጦር የለውም። የቅድስና ምልክቱ አውሬው መሄድ ሲችል መቆየቱ ነው። በኢትዮጵያ ባህል አንበሳና ዝሆን የገደለ ጀግና ጎፈር አድርጎ የሚፎክርበት ክብር መኖሩ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም የአደን ትዕይንት በአገር ሠዓሊዎች ዘንድ ተወዳጅ ርእስ መሆኑ እውነት ነው፤ ይሁንና ያ ክብር የዓለማዊ ማዕረግ ክብር ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አንበሳን ከጻድቅ ጎን የሚያቆመው ሌላኛው ሥዕል ነው።

በእስልምና በኩል ጥያቄው በሁለት መንገድ ይነሣል። አንደኛው ስለ እንስሳት ራሳቸው ነው። ቅዱስ ቁርኣን በምድር የሚንቀሳቀሱትንና በክንፋቸው የሚበሩትን እንደ ሰዎች ያሉ ሕዝቦች አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ለምግብ የሚደረግ አደን በአላህ ስም ተፈቅዷል፣ በሐጅ ሥርዓት ላይ ላለ ሰው ግን የየብስ አደን የተከለከለ ነው፤ በነቢዩ ትምህርትም ሕይወት ያለውን ፍጥረት የዒላማ መለማመጃ ማድረግ ተነቅፏል። ሁለተኛው ስለ ምስል ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ነፍስ ያለውን ፍጥረት መሣል አይገባም ሲሉ፣ ዛፍን፣ ተራራንና የመሳሰለውን መሣል ፈቅደዋል፤ ምክንያቱም ሠዓሊው በፍርድ ቀን ለሣለው ነገር ሕይወት እንዲሰጥ የሚጠየቅ በመሆኑና ይህንንም ሊያደርግ ስለማይችል ነው። ይህ ድንጋጌ ብዙ ጊዜ እንደ ሥነ ጥበብ ጠላትነት ቢታይም፣ በውስጡ ስለ እንስሳት የሚናገር ጥልቅ ቁም ነገር አለ፤ እስትንፋስ የሠዓሊው ሀብት ስላልሆነ፣ እንስሳው በምስል ሊያዝና ሊጨረስ የማይችል ትርፍ ነገር አለው ማለት ነው።

በሐረር ይህ ትምህርት በቤት አሠራር ውስጥ ይታያል። ጌ ጋር በሚባለው የሐረሪ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉት መቀመጫዎች በደረጃ ተሠርተው ወደ መግቢያው ይመለከታሉ፤ ግድግዳው በስፌቶችና በሳሕኖች አጊጦ ይታያል፤ የስፌቶቹም ውበት በአብዛኛው ከቅርጽና ከቀለም ድግግሞሽ የሚገኝ ነው። የእስላም አገሮች የድንጋይ ኅትመትን የተቀበሉትም ለዚሁ ዓይነት ውበት ነው፤ እንደ ቦምቤይ ባሉ ከተሞች ድንጋዩ የጸሐፊውን የእጅ ጽሑፍ ሳያበላሽ ስለሚያባዛ ቁርኣንና የሃይማኖት መጻሕፍት በብዛት ታተሙበት። ሙኒክ ላይ አንበሳ የተሣለበት ድንጋይ እዚያ ፊደል ተጽፎበታል።

የሐረር መልስ

ሐረር አውሬውን በግድግዳዋ ላይ ካልሣለች፣ የት አኖረችው? መልሱ በከተማዋ ግንብ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት፤ በውስጡም 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ (የሙስሊም ቅዱሳን) መካናት ይገኛሉ፤ ዩኔስኮም በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በአሚሮች ዘመን በሮቹ ሌሊት ይዘጉ ነበር፤ ከጸሓይ መጥለቅ በኋላ የመጣ መንገደኛ እስኪነጋ ከውጭ ያድራል። በግንቡ ግርጌ ያሉትና ዋራባ ኑዱል የሚባሉት ቀዳዳዎች ግን ክፍት ነበሩ፤ ዋራባ በሐረሪ ቋንቋ ጅብ ነው። ጎንበስ ብሎ ለሚያልፍ አውሬ እንጂ ለሰው የማይበቁት እነዚህ ክፍተቶች ለሰው የተዘጋች ከተማ ለአውሬ ክፍት ሆና ታድር እንደነበር ይመሰክራሉ። ጅቡ በጠባብ መንገዶቹ እየተዘዋወረ ጥራጊና አጥንት ይለቅማል፤ ከዚያም ባለፈ የማይታዩ ክፉ መናፍስትን ከከተማዋ ያስወግዳል ተብሎ ይታመናል። በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ጅብ ከቡዳ እምነት ጋር ተያይዞ የሚፈራና የሚጠላ እንስሳ መሆኑ ሲታሰብ ይህ አስተያየት ምን ያህል የተለየ እንደሆነ ይታወቃል።

ለዚህ ጉርብትና ሃይማኖታዊ መሠረቱን የሚሰጠው የዓሹራ ልማድ ነው። በአፈ ታሪኩ እንደሚነገረው በረኃብ ዘመን ጅቦች በሰው ላይ በተነሡ ጊዜ የከተማዋ አውሊያዎች በሐኪም ተራራ ተሰብስበው መከሩ፤ መፍትሔ ሆኖ የተገኘውም ለጅቦቹ በየዓመቱ ገንፎ ማቅረብ ነው። እስከ ዘመናችን በዘለቀው ልማድ በሙሐረም ወር በሚውለው በዓሹራ ሰሞን ቅቤ የበዛበት ገንፎ ተሠርቶ ይቀርብላቸዋል፤ ጅቡ ከግማሽ በላይ ከበላ የመልካም ዓመት፣ ጨርሶ ካልነካ ወይም ጠርጎ ከበላ ደግሞ የክፉ ጊዜ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ፍርድ የሚሰጠው ጅቡ ነው፤ ሰዎች ምግቡን አኑረው ይጠብቃሉ። የሩበንስ አዳኝ የአውሬውን ፍጻሜ ሲወስን፣ የሐረር ሽማግሌ የዓመቱን ዕጣ ከአውሬው ምርጫ ያነብባል። ሐረርን ጨምሮ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የጸናው የሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትርጓሜ መንገድ) የጅብን ሥጋ መብላት የሚፈቅድ መሆኑን ማስታወስም ጠቃሚ ነው፤ ከተማይቱ ሕጉ የፈቀደላትን ሳትሻ ከእንስሳው ጋር መኖርን መረጠች፤ የተፈቀደ ሁሉ የግድ የሚፈጸም አለመሆኑንም በዚህ አሳየች።

ይህን መልስ ከእውነታው በላይ ማስዋብ ግን ተገቢ አይደለም። ሐረር ለዘመናት የዝሆን ጥርስ፣ የቆዳና የዝባድ ገበያ ነበረች፤ ዝባዱ የሚገኘው ጥርኝ የተባለችውን እንስሳ በጠባብ ቀፎ አስሮ ሽታዋን በየጊዜው በመፋቅ ነው፤ ራምቦ የሠራበትም የንግድ ቤት ከዚህ ገበያ ተጠቃሚ ነበር። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ በ1970 የተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በሰፈራ፣ በእርሻና በሕገ ወጥ አደን ተጣብቧል፤ ዝሆኖቹም ቁጥራቸው ተመናምኗል። ጅብ ሰውንና ከብትን የሚጎዳበት ጊዜ ስለመኖሩም እረኛው ምስክር ነው። ስለዚህ የሐረር መልስ የአንድ ሕዝብ ንጹሕ ባሕርይ ሆኖ ሳይሆን፣ ለአንድ እንስሳ የተገባ፣ በጥንቃቄ የተጠበቀ ቃል ኪዳን ሆኖ ሊታይ ይገባል። ቃል ኪዳኑ ለጅብ ብቻ መወሰኑ ጉድለቱ ሲሆን፣ ሊደረግ እንደሚችል ማሳየቱ ደግሞ ክብሩ ነው።

አሁን ያለው ትልቁ ፈተና የሚመጣው ከምስል በኩል ነው። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከግንቡ ውጭ ምሽት ላይ ጅቦችን በስማቸው እየጠሩ ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች የከተማዋ መታወቂያ ሆነዋል፤ ሥጋው በአጭር እንጨት ተሰክቶ፣ እንጨቱም በመጋቢው ጥርስ ተይዞ ሲቀርብ፣ ጅቡ አንገቱን አስረዝሞ ይቀበላል። እንግዳው ይህን ትዕይንት በስልኩ ያነሣል፤ ፎቶግራፉም የድንጋይ ኅትመት ሊደርስበት ባልቻለው ፍጥነት ዓለምን ይዞራል። የአደን ሥዕሉ ቅጂ ልዑሉን አስረስቶ አዳኝነትን ለሁሉ እንዳደለ ሁሉ፣ ይህም ፎቶግራፍ ዓሹራውን፣ አውሊያዎቹንና የሐኪምን ተራራ አስረስቶ ለጀብዱ ብቻ የሚታይ አውሬ ሊያስቀር ይችላል። ያ እንዲሆን መፍቀድ ታላቅ ጥፋት ነው፤ ምስሉ ቃል ኪዳኑን ከተካ፣ ከተማይቱ በብዙ ትውልድ የገነባችውን ነገር በራሷ ዝና ታጣዋለችና።

ይህን አደጋ ለመመለስ ምስልን መከልከል አያሻም። የሚያሻው ምስልን የሚመዝን መለኪያ ነው፤ መለኪያውም እስካሁን ከተነገረው ሁሉ ይወጣል። ኦሪት የሰጠችው ሹመት መግደልን ያልጨመረ ነበር፤ ኩፋሌ እንስሳውን ቀድሞ ተናጋሪ የነበረ ወዳጅ ያደርገዋል፤ ቁርኣን ሕዝብ ብሎ ይቆጥረዋል፤ የእስልምና ሊቃውንት እስትንፋሱን ከሠዓሊው እጅ ያወጡታል፤ የጻድቁ ሥዕል ያለ ሰንሰለት ያቆመዋል፤ የሐረር ግንብ መግቢያና መውጫ ይከፍትለታል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ በአደራ የተቀበሉትን ፍጥረት የሚገዛ ሰው፣ ፍጥረቱ ከእርሱ ፈቃድ ውጭ የሆነ የራሱ ሕይወት እንዳለው ያውቃል፤ ለዚያም ሕይወት ቦታ ይተዋል። የሩበንስ የአንበሳ አደን በጥበቡ ወደር የማይገኝለት ቢሆንም በዚህ መለኪያ የሚጎድለው ነገር አለ፤ የወረቀት ቅጂውም ጉድለቱን አባዝቷል። ከሐረር የሚወጣ ማንኛውም ምስልም በዚሁ ሊመዘን ይገባዋል። ለከተማዋ ወጣቶች፣ ለአስጎብኚዎቿና ለፎቶግራፍ አንሺዎቿ የቀረበው ሥራ ይህ ነው፦ ጅቡን በሚያሳዩበት ሁሉ ቀዳዳውን፣ ገንፎውንና ተራራውን አብረው ማሳየት፣ ምስሉን የሚያይ ሰውም አውሬው በዚህች ከተማ የሚኖረው ተይዞ ሳይሆን ተፈቅዶለት መሆኑን እንዲረዳ ማድረግ።